«ጨዋ ናት» የምትባል ልጅ የሆድ ቁርጠት

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመት ልጄ የ3ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከመስከረም ወዲህ በትምህርት ቀን ጠዋት፣ ይልቁንም ሰኞ ሰኞ፣ ሆዷን ይቆርጣታል። ክሊኒክ ወስጃት ጃርዲያ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ወስዳለች፤ ቅዳሜና እሑድ ግን ምንም አይላትም። ምሳ ዕቃዋ ሳይነካ ይመለሳል፣ የቤት ሥራዋንም ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በላጲስ እያጠፋች ደጋግማ ትጽፋለች። ስም ጠሪዋን ሳነጋግራቸው «እንደ እርሷ ያለ ጨዋ ልጅ የለም፤ ድምጿም አይሰማ፣ ደረጃዋም ሁለተኛ ነው» አሉኝ። አባቷ ቅብጠት ነው ይላል፤ እናቴ ጠበል ውሰጃት ትለኛለች። ስታለቅስ ቤት ላስቀራት ወይስ አስገድጄ ልላካት?

መልስ፦ በደብዳቤዎ ውስጥ ከቁርጠቱ ይልቅ ያሳሰበን የመምህሩ ምስጋና ነው። ከሃምሳ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህር ቶሎ የሚያየው የሚረብሸውን ልጅ ነው፤ እጇን የማታወጣ ልጅ ሥራ ስለማታበዛበት ትመሰገናለች። በእኛ አስተዳደግ ደግሞ ዝምታ ራሱ እንደ ጨዋነት ስለሚቆጠር፣ ጭምት ልጅና ፍርሃት የያዘው ልጅ በአንድ ስም ይጠራሉ። ጭምት ልጅ ዝም ቢልም ምሳውን ይበላል፣ ከጓደኛው ጋር ይጫወታል፣ ሲጠየቅም በዝግታ ይመልሳል። የተጨነቀ ልጅ ግን እንዳይጠየቅ ሲል ዓይኑን ከደብተሩ አይነቅልም፣ ሽንት ቤት ለመሄድ ማስፈቀድ ፈርቶ ተጨንቆ ይውላል፣ አንዲት ስሕተት እንደ ውርደት ትታየዋለች። ጥሩ ውጤትም ጭንቀት አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ላጲሱን እንዲህ የሚያስጨርሳት ፍርሃት ለደረጃዋም ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

የሆድ ሕመሙ የውሸት አይደለም። ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሸሽ ይዘጋጃል፣ የአንጀቱም እንቅስቃሴ ይዛባል፤ ስለዚህ «ቅብጠት» የሚለው ቃል ከቤት ቢወጣ ይሻላል። ሆኖም ክብደት ከቀነሰች፣ ትኩሳት ወይም በሰገራዋ ደም ከታየ፣ ሕመሙም ከእንቅልፏ የሚቀሰቅሳት ከሆነ እንደገና ሐኪም ይያት።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በትምህርት ቤቱ የሚያስፈራት እውነተኛ ነገር እንዳለ በእርጋታ ይጠይቋት። የሚያስቸግራት ልጅ፣ የማይዘጋ የሽንት ቤት በር ወይም ዱላ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ ዱላ ካለ ለርእሰ መምህሩ ከማመልከት ወደኋላ አይበሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ቤት ማስቀረቱን አንመክርም። በቀረችበት ጠዋት ቁርጠቱ ወዲያው ይለቃታል፤ እርሷም ያዳናት መቅረቷ እንደሆነ ትማራለች፣ በማግስቱም መሄዱ ይብስባታል። እየጎተቱ መውሰድ ወይም በሰው ፊት መውቀስ ደግሞ ፍርሃቱን ያባብሰዋል። የሚጠቅመው ከስም ጠሪው ጋር ተነጋግሮ ፍርሃቱን በትንሽ በትንሹ ማለማመድ ነው፦ በመጀመሪያ ከክፍል በኋላ ለመምህሩ ብቻ አንድ መልስ ትስጥ፤ ያ ሲቀላት ከዴስክ ጓደኛዋ ጋር ሆና፣ ቀጥሎም ከመቀመጫዋ ሳትነሣ አንድ ዓረፍተ ነገር ታንብብ። ጥቁር ሰሌዳው ጋ መውጣት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መምህሩ ሳያስጠነቅቁ ድንገት እንዳይጠሯት ለጊዜው ይለምኗቸው፤ ፈጽሞ እንዳይጠይቋት ግን አይስማሙ።

በቤትም ማታ «ብሳሳትስ? ቢረፍድብኝስ?» እያለች ደጋግማ ብትጠይቅ አንድ ጊዜ መልሰው፣ ቀጥሎ «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» ይበሏት፤ ሃያ ጊዜ «አይዞሽ» ማለት ሃያ አንደኛውን ይጠራል። ከቤት ሥራዋም አንዱን ገጽ ብቻ ስትሠራ ላጲሱን ከአጠገቧ ያንሡባት፤ ስሕተቱ በእስክሪብቶ ተሰርዞ እንዲታይ ይተዉት። (እርስዎም የገበያ ዝርዝር ሲጽፉ ፊቷ ተሳስተው ቢሰርዙ አይጎዳም።)

ጠበሉን በተመለከተ፣ እናትዎን መከልከል አያስፈልግም፤ ነገር ግን ልጅቷ አንዳች ክፉ ነገር እንዳለባት እየሰማች እንዳትሄድ፣ ከትምህርት ቤቱም ልምምድ እንዳያስቀራት ይጠንቀቁ።

በአንድ ወር ገደማ ለውጥ ካልታየ፣ ከትምህርት መቅረቷ ከበዛ ወይም እንቅልፍና ምግብ ከተዛባባት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ባለው ሌላ ሆስፒታል ያሳይዋት። ለዚህ ዕድሜ በቅድሚያ የሚመከረው ወላጅም የሚካፈልበት፣ ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። መሞት እንደምትፈልግ ወይም ራሷን እንደምትጎዳ ከተናገረች ግን ወሩን ሳይጠብቁ ያኔውኑ ይውሰዷት።