ቪትዝ ላላት እህታችን፦ ወኪል ጋ ወይስ ሰፈር ጋራዥ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላነበቡት በአጭሩ ልድገመው። ጃፓን ተነድቶ የገባ አውቶማቲክ ቶዮታ ቪትዝ አለሽ፤ ኑሮሽ ባሕር ዳር ነው፤ ለፋሲካ ልጆችሽን ይዘሽ አዲስ አበባ ልትሄጂ ነው። የቶዮታ ወኪሉ ጋ የጠየቁሽ የሰርቪስ ዋጋ አስደነገጠሽ፤ አባይ ማዶ ያለው መካኒክ ደግሞ "በግማሹ እጨርስልሻለሁ" አለሽ። የቱ ጋ ልሂድ ነው ጥያቄው።

እስካሁን የተሰጡሽ መልሶች "ወኪል ዘራፊ ነው" እና "የሰፈር መካኒክ መኪና ገዳይ ነው" በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍለዋል። በሁለቱም አልስማማም። መጠየቅ ያለበት ዘይቱንና ዕቃውን ማን መረጠው፣ ማንስ ገዛው የሚለው ነው። የዋጋው ልዩነት ከዚያ ይመጣል፤ መኪና የሚበላሸውም እዚያው ላይ ነው።

1ኛ. ሂሳቡን ዘርዝሪው። የወኪል ደረሰኝ ላይ የሚደመሩት ዕቃ፣ የእጅ ዋጋ፣ ትንንሽ ፍጆታ (ጨርቅ፣ ማጽጃ ምናምን) እና 15 በመቶ ቫት ናቸው። በስልክ "ስንት ነው?" ስትዪ የሚነግሩሽ ብዙ ጊዜ ቫት ያልተደመረበት ዋጋ ስለሆነ "ከነቫቱ?" ብለሽ አረጋግጪ። የሰፈር ጋራዥ ግን የእጅ ዋጋው ትንሽ ነው፤ መካኒኩ ኑሮውን የሚደጉመው ከመለዋወጫ ሱቁ በሚያገኘው ኮሚሽን ነው። ሱቁ የሚሸጥልሽ ዕቃም ኮሚሽኑ የሚበዛበት ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥሩው ዕቃ አይደለም። በዚህ መካኒኩን አልወቅስም፤ በእጅ ዋጋ ላይ እስከ መጨረሻዋ ብር የምንከራከረው እኛው ነን። ስለዚህ የእጅ ዋጋውን አትቁረጪበት። የጠየቀሽን ክፈዪ፣ ከቻልሽም ጨምሪለት፤ "ዕቃውን ግን እኔ ነኝ የማመጣው" በይው። በዚህ ቅር የሚለው መካኒክ ካለ ሌላ ፈልጊ። ባሕር ዳር ውስጥ ቶዮታን ከነነፍሱ የሚያውቁ፣ የወኪል ሠራተኛ የማይስተካከላቸው እጆች አሉ።

2ኛ. ዕቃ ስትገዢ "የቪትዝ" ብለሽ አትግዢ። ሊብሬሽ ላይ ያለውን የሻሲ ቁጥር ያዢ። በኬኤስፒ የሚጀምረው 1.0 ሊትር ሞተር ያለው ነው፤ ኤስሲፒ90 1.3 ነው፤ ኤንሲፒ91 ደግሞ 1.5። ፊልትሮውም፣ ካንዴላውም፣ የፍሬን ሸራውም እንደዚሁ ይለያያል። የወኪሉ ዕቃ መሸጫ መስኮት እዚህ ላይ ይጠቅምሻል፤ ሰርቪሱን እነሱ ጋ ባታስደርጊም የዘይት ፊልትሮና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ከዚያ መግዛት ትችያለሽ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር የወር በፊት ዋጋ ይዘሽ አትሂጂ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣልሽ ሰው ካለ እዚያ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራም ይገኛል፤ ግን እዚያ ኦሪጅናሉና ፎርጅዱ አንድ ካርቶን ለብሰው ስለሚሸጡ የሚያውቅ ሰው ይግዛልሽ።

3ኛ. የካምቢዮ ዘይት። እዚህ ላይ ቆም በዪ፣ ገንዘብ የሚበላው ይሄ ነው። ያሪስና ቪትዝ አንድ መኪና ናቸው ይባላል፤ ሻሲያቸውም ሞተራቸውም ወንድማማች ነው። ከዱባይ የሚመጣው ያሪስ ግን በብዛት ባለ ማርሽ ተራ አውቶማቲክ ሲሆን ከጃፓን የሚመጣው ቪትዝ በብዛት ሲቪቲ ነው። ሲቪቲ ውስጥ ማርሽ የለም፤ ሁለት የሚጠቡና የሚሰፉ ፑሊዎች መካከል የሚሽከረከር የብረት ቀበቶ ነው ያለው። ቀበቶው ፑሊውን ይዞ የሚያዞረው በግፊትና በዘይቱ ጠባይ ነው፤ የሲቪቲ ዘይት ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ እንዳይንሸራተት ተደርጎ የተሠራ ነው። የተራ አውቶማቲክ ዘይት ይህ ጠባይ የለውም። መካኒኩ "የአውቶማቲክ ዘይት ሁሉ አንድ ነው፣ ያሪስ ላይ የምናደርገው ነው" ብሎ ከሞላው ቀበቶው እየተንሸራተተ ፑሊውን ይፍቀዋል። ምልክቱ መጀመሪያ ስትነሺ መንቀጥቀጥ ነው፤ ቀጥሎ የፉጨት ዓይነት ድምፅ ይመጣል፤ ከዚያ ነዳጅ ስትረግጪ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም። ፑሊው አንዴ ከተፋቀ ትክክለኛውን ዘይት መልሶ መሙላት አያድነውም፤ ያለው አማራጭ ካምቢዮ መቀየር ነው። በግማሽ ዋጋ የተሠራ ሰርቪስ የብዙ ዓመት የሰርቪስ ወጪ ይዞ የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ኮፈኑን ክፈቺና ከሞተሩ ጀርባ ያለውን የብረት ሰሌዳ ፈልጊ። ትራንስ/አክስል የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ ያለው ኮድ በላቲኑ ኬ ከጀመረ (ለምሳሌ ኬ410) ሲቪቲ ነው፤ በዩ ወይም በኤ ከጀመረ ተራ አውቶማቲክ፣ በሲ ከጀመረ ማኑዋል። ሰሌዳውን በስልክሽ ፎቶ አንሺና ዘይት ሻጩንም መካኒኩንም አሳዪ። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዱላ ካለው ደግሞ የዘይቱ ዓይነት ዱላው ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ የተለየ ዘይት "ይሻላል" የሚልሽን አትስሚ። የሲቪቲ ዘይት መጠን የሚለካውም ዘይቱ በተወሰነ ሙቀት ላይ ሆኖ ስለሆነ ሙቀቱን የሚያነብ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ኮምፒውተር የሌለው ጋራዥ የካምቢዮሽን ዘይት እንዳይነካ። ወኪል ጋ መክፈል ካለብሽ ለዚህ ሥራ ክፈዪ፤ የሞተር ዘይቱን ሌላ ቦታ ቀይሪ። ሁለቱን ሥራ ለየብቻ ማሠራት ይቻላል፤ "ሙሉ ሰርቪስ" የሚባል አንድ ጥቅል ተቀበዪ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም።

የሞተር ዘይት ላይ የሚደረገው ስህተት ደግሞ ከስስት አይመጣም፤ ከልግስና ነው የሚመጣው። ዘይቱ የሚሸጠው በ4 ሊትር ጀሪካን ነው። የ1.5ቱ ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው፤ 1.0ው ወደ 3 ሊትር። መካኒኩ ግን "እንዳይተርፍብሽ" ብሎ ጀሪካኑን ገልብጦ ያንጠፈጥፈዋል። ትንሿ ሞተር ላይ ወደ አንድ ሊትር ትርፍ ገባ ማለት ነው። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ግፊት አይይዝም፤ ትርፉ በመተንፈሻው በኩል ወደ ሞተሩ ይሳብና ጭስ ይሆናል፣ ወይም ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ገፍቶ ይወጣል። ከዚያ "ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይፈልጋል" ተብሎ ሌላ ሥራ ይከፈታል። ስለዚህ አጠገቡ ቁሚ። ትንሽ ጎድሎ ይሙላ፣ ሞተሩ ይነሳና ይጥፋ፣ ሜዳ ላይ 5 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ዱላው ይውጣ። ዘይቱ ከሁለቱ ምልክቶች መካከል ወደ ላይኛው ጠጋ ካለ በቂ ነው። የተረፈውን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ ለመጨመሪያ ይሆናል።

ውፍረቱም ይታይ። ገበያው 20ደብሊው-50 የሞላው ነው፤ "አገራችን ሙቅ ስለሆነ ወፍራም ይሻላል" ይሉሻል። የአንቺ ሞተር የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው ዘይቱን በጠባብ መንገድ እየገፋ ነው፤ ወፍራም ዘይት እዚያ ላይ ይዘገያል፣ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ያንኳኳል፣ የሞተር መብራት በፒ0011 ኮድ ሊበራ ይችላል። 5ደብሊው-30 ግዢ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሙቀቷ ለዚህ ዘይት ምንም አይደለም። የዘይት መውረጃው ቡሎን በ14 ቁልፍ ነው የሚፈታው፤ ሮንዴላው በየሰርቪሱ ይቀየር። ፊልትሮው በእጅ ነው የሚጠብቀው፦ ጎማው ከተነካካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር። በቁልፍ የሚያጠብቅ ካየሽ አስቁሚው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ "የሞተር ቺንጊያ (ቀበቶ) 100,000 ኪሎ ሜትር ስለሞላ ይቀየር" የሚልሽ ካለ እዚያ ጋራዥ አትመለሺ። እነዚህ ሞተሮች ውስጥ ያለው ሰንሰለት ነው፤ ካልተንቀጫቀጨ አይነካም። ውጭ የሚታየው የዲናሞ ቺንጊያ ሌላ ነገር ነው፣ ከተሰነጣጠቀ ይቀየራል።

አሁን ወደ መንገድሽ። ከደጀን ወርደሽ የአባይን ድልድይ ተሻግረሽ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጪ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርጂና ያንኑ ያህል መልሰሽ ትወጫለሽ። መኪናሽ ሰው ጭኖ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ በቀስታ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከሁሉ ሰርቪስ በፊት የማቀዝቀዣው ነገር ይታይ። የወኪልና የሰፈር ጋራዥ ልዩነት በጣም የሚያስቆጨኝ እዚህ ላይ ነው፦ ብዙ ጋራዦች ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥተው ይጥሉታል። "አያስፈልግም፣ ለብርድ አገር ነው" ይላሉ። ቴርሞስታት 82 ዲግሪ ገደማ ላይ እየተከፈተ ሞተሩ የሚሠራበትን ሙቀት ይጠብቃል። ከወጣ ሞተሩ ከተማ ውስጥ አይሞቅም፤ ኮምፒውተሩ "ገና ቀዝቃዛ ነኝ" ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፤ ፒ0128 የሚል ኮድ ያወጣል። ባሕር ዳር ላይ ነዳጅ እየበላሽ፣ የመጀመሪያው የሙቀት ምክንያትም ሳይፈታ አባይ በረሃ ትገቢያለሽ። ያገለገለ መኪና ስለሆነ ቀድሞ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሲነሳ ጀምሮ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ በእጅሽ ያዢ፤ ቀዝቃዛ ቆይቶ በአንዴ ከሞቀ ቴርሞስታቱ አለ፣ ከመነሻው ቀስ በቀስ ለብ ለብ ካለ የለም።

የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ ማንም አያየውም። እኛ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሞቆም እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ላስቲኩ የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊት ስለማይይዝ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም ዳገት ላይ ውሃ ያፈሳል። ክዳን ከሌላው ሁሉ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሳትጠይቂ አዲስ ግዢ። የክዳኑ ስም የሚነሳው ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ከተጣመመና ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ከተቃጠለ በኋላ ነው። ራዲያተሩ ውስጥም ቧንቧ ውሃ፣ ይባስ ብሎ የጣና ውሃ እንዳይገባ፤ ዝገትና ደለል ነው የሚያተርፈው። የቶዮታው ሮዝ ኩላንት ተበጥብጦ ስለሚሸጥ ውሃ አይጨመርበትም፤ ከሁለተኛው ቅያሪ ጀምሮ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው።

ፍሬን ላይ አጭር ነው። ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ሳይሄዱ ይቀየር፤ ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ወይም 2 ዓመት ካለፈው ሙሉ በሙሉ ይለወጥ፤ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ከደጀን ስትወርጂ ከዲ በታች ያለውን ማርሽ ተጠቀሚ፣ ፍሬን ላይ ተኝተሽ አትውረጂ።

ወኪል ጋ ብታሠሪው የሚሻለው፦ ዋስትናው ያላለቀ መኪና፣ የኤርባግና የኤቢኤስ መብራት፣ የቁልፍ ኮድ ማስገባት። ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራው ኤርባግ ጉድለት ምክንያት ቶዮታ ለጥገና የጠራቸው መኪኖች ውስጥ ቪትዝም ስላለ የሻሲ ቁጥርሽን ሰጥተሽ "የእኔ ይመለከተዋል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። እንግዲህ ወኪል ቤት ስትገቢ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሰው "ጃፓን የገባ ስለሆነ አይመለከተንም" ብሎ ሊመልስሽ፣ መኪናሽ አጠገብ መቆምም ሊከለክልሽ ይችላል። ይሄ አመል ያናድዳል፤ ገንዘብ ከፍሎ መኪናውን እንዳያይ የሚከለከል ሰው ምን ማለት ነው? መድኃኒቱ ጆብ ካርድ (የሥራ ትዕዛዝ ወረቀቱ) ነው። ከመፈረምሽ በፊት "ሳይደወልልኝ ተጨማሪ ሥራ አይሠራም፤ የወጣው አሮጌ ዕቃ ይመለስልኝ" ብለሽ እዚያው አስጽፊ። ያልተጻፈ ነገር ሂሳብ ላይ ሲመጣ መከራከሪያ ይኖርሻል።

የሰፈሩን ጋራዥ ስትመርጪ መሬቱንም እዪ። የወጣውን ዘይት በርሜል ውስጥ የሚያጠራቅም ቤት ጥንቁቅ ቤት ነው። ወደ ቦይ የሚደፋው ግን ክረምት ሲገባ ዘይቱን ጣናና አባይ ውስጥ የሚጨምር ነው፤ ውሃችንን እያበላሸ መኪናሽን ያከብራል ብለሽ አትጠብቂ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ይህን መኪና መተካት ቀላል አይደለም።

ሰርቪሱን ከጉዞው ቢያንስ ሳምንት ቀድመሽ አስደርጊ። እንደጨረሱ ወደ በዛዊት የሚወስደውን ዳገት ኤሲ ከፍተሽ ውጪና ውረጂ፣ ከዚያ መኪናውን ሌሊቱን ካርቶን ላይ አቁሚው። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ጠብታ ካለ ቀለሙን ለመካኒኩ አሳዪ። የጎማ ቡሎኖቹ ከተነኩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሽ በኋላ እንደገና ይጠበቁ። የኩላንቱን መጠን ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እዪ፤ ከቀነሰ የት እንደሄደ ሳይታወቅ ለመንገድ አትነሺ።