መልስ፦ ማርስ ላይ ውሃ እንደነበረ ከድንጋይ እንዴት ይታወቃል?

አቦ፣ «ውሃው ራሱ ከሌለ ድንጋይ ምን ሊናገር ይችላል?» ብለህ ለጠየቅከው፣ መጀመሪያ ድሬዳዋ ውስጥ ወዳለው የደቻቱ ወንዝ ውረድ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ግን ጠጠሩን አንሳና እየው፤ ጠርዙ ተሞርዶ ድቡልቡል ሆኗል። ጎርፍ እያንከባለለ፣ እርስ በርስ እያፋጨ ነው እንደዚያ ያደረገው። የደቻቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ልጅ ይሄን ለማመን አይቸገርም።

ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ሮቨር (በጎማ የምትንቀሳቀስ ሮቦት) እ.ኤ.አ. በ2012 ማርስ ላይ፣ ጌል በሚባለው ትልቅ ጉድጓድ ካረፈች በኋላ ያገኘችው ይህንኑ ነው፤ ከአሸዋ ጋር ተጣብቆ ዐለት የሆነ ድቡልቡል ጠጠር። ንፋስ ቢሆንስ? ንፋስ አሸዋ ይነዳል እንጂ ያን የሚያክል ጠጠር አያንከባልልም። የማርስ አየር ደግሞ በጣም ስስ ነው። ሳይንቲስቶቹ ከጠጠሩ መጠን ተነስተው ጅረቱ ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ ይደርስ እንደነበር ገመቱ።

ሐይቅ ሲሆን ምልክቱ ሌላ ነው። በረጋ ውሃ ውስጥ ደለል ቀስ እያለ ይዘቅጣል፤ እንደ እንጀራ ስስ ስስ ሆኖ ይነባበራል። ይህም እዚያው ጌል ውስጥ አለ። በ2022 ደግሞ ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ወለል ላይ ትንንሽ ሞገዶች ያሰመሩት መስመር፣ ዐለት ላይ እንደታተመ ተገኘ። እኔን ከሁሉም የገረመኝ እሱ ነው።