ፍላሽ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖብኝ ላልሽው

የኬክ ትዕዛዞችሽ ያሉበት ፍላሽ ፎቶኮፒ ቤት ተሰክቶ ሲመለስ ሁሉም ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ፣ ቀስት ያለበት ምልክት) ሆኖብሽ፣ ከፍተሽውም እንደነበር ነግረሽኛል። ፋይሎችሽ አልጠፉም፤ ቫይረስ ደብቋቸው ነው። ከፎቶኮፒ ቤት ስትመለሺ ያገኘሽው ያ ቀስት ያለበት ፎልደር የኬክ ትዕዛዞችሽ አይደሉም፣ የቫይረሱ ማስነሻ ነው። ደግመሽ እንዳትነኪው።

1. ፍላሹን በዊንዶውስ ዲፌንደር (ከዊንዶውስ ጋር በሚመጣው ጸረ-ቫይረስ) ስካን አድርጊ።

2. ፎልደር ኦፕሽንስ (የፎልደር ማስተካከያው) ውስጥ ቪው የሚለው ጋ ግቢ። የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጪ፤ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ ከሚለው ላይ ደግሞ ምልክቱን አንሺ። ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ይዘላትና «ምንም አልመጣም» ይላል።

3. ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ይመጣሉ። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ታጭቀው ነው የሚገኙት። የራስሽን ዎርድና ኤክሴል ብቻ ኮፒ አድርጊ።

ሾርትከቱን ስለከፈትሽው ኮምፒውተሩም ሳይያዝ አይቀርም። ዲፌንደር ውስጥ ኦፍላይን ስካን የሚል አለ። ኮምፒውተሩን እንደገና አስነስቶ ነው የሚፈትሸው፤ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ፍላሹን ፎርማት የምታደርጊው (ያለበትን ሁሉ የምታጠፊው) ከዚያ በኋላ ነው፣ አለበለዚያ ተመልሶ ይያዛል።

ካየሁት ልንገርሽ፦ ፎቶኮፒ ቤት ያለው ኮምፒውተር የስንቱ ፍላሽ ሲሰካበት ይውላል። የሚታተመውን ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም ላኪላቸው። የደንበኛ ሂሳብ ያለበት ፍላሽ ከቤት አይውጣ።