ለጠባብ ሁለገብ ክፍል የሚስማማ የእንግዳ አልጋ፦ ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂ፣ 3 ሜትር በ2 ሜትር ከ70 የሆነ፣ በአዘቦት ቀን የሥራ ጠረጴዛና የካውያ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት አንድ ክፍል እንዳለዎት ገልጸዋል። በዓመት ጥቂት ጊዜ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አረጋዊት እናትዎ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት እንደሚያርፉበት፣ አልፎ አልፎም ወንድምዎ ከባለቤቱ ጋር አንድ ሁለት ሌሊት እንደሚያድሩበት ጠቅሰው፣ ከሶፋ አልጋ፣ ከግድግዳ ከሚወርድ አልጋና ከአየር ፍራሽ የትኛው እንደሚሻል ጠይቀዋል። አንድ ዘመድዎ ያገለገለ ሶፋ አልጋ በነጻ ሊሰጥዎት እንዳሰበም ጽፈዋል። እኔም ከእርስዎ ክፍል ብዙም በማይሰፋ ክፍል ውስጥ ሦስቱንም በየተራ ተጠቅሜባቸዋለሁ፤ እንግዳ በሌለበት ሌሊትም ምቾታቸውን ለማወቅ ስል ተኝቼባቸዋለሁ። ስለዚህ የምጽፈው በአብዛኛው በራሴ ወገብ ስላረጋገጥኩት ነገር ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል አልጋ የሚመረጠው ታጥፎ በሚይዘው ቦታ ሳይሆን ተዘርግቶ በሚተወው ወለል ነው። ሻጮች የሚያሳዩት ታጥፎ ምን ያህል እንደሚያንስ ነው፤ ፎቶግራፎቹም ጠረጴዛም ወንበርም በሌለበት ሰፊ አዳራሽ የተነሡ ናቸው። እናትዎ ግን ለሁለት ሳምንት የሚኖሩት በተዘረጋው አልጋና በጠረጴዛዎ መካከል በሚቀረው መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ እርስዎም በእነዚያ ቀናት ሥራ ካለብዎት ወንበርዎን የሚስቡት በዚያው ቦታ ላይ ነው።

የክፍልዎን ልክ ይዘን እንየው። ፍራሹ ከመቀመጫው ሥር ተስቦ የሚዘረጋ ሶፋ አልጋ ሲከፈት ከጀርባው እስከ ግርጌው በአብዛኛው ከ2 ሜትር ከ10 እስከ 2 ሜትር ከ30 ይደርሳል። በረጅሙ ግድግዳ ላይ አስጠግተው ወደ ጠባቡ በኩል ቢዘረጉት ከ2 ሜትር ከ70 ላይ የሚተርፈው ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ ፊት ለፊቱ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጠረጴዛ ካለ አልጋው እስከ መጨረሻው አይከፈትም። በአጭሩ ግድግዳ በኩል አዙረው ቢያስቀምጡት ደግሞ ይከፈታል፤ ነገር ግን ከጠረጴዛው የሚለየው አንድ ሰው በጎኑ እንኳ የማያልፍበት ስንጥቅ ይሆናል። በአንጻሩ 90 በ200 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአንድ ሰው አልጋ በረጅሙ ግድግዳ ላይ በቁመቱ ቢጠጋ ከጠረጴዛው ጋር አንድ ሜትር ከ20 ያህል ነጻ ወለል ይተርፋል። ይህ ለወንበርም፣ በሌሊት ለሚነሣ ሰውም በቂ ነው። በሌሊት የሚነሣ ሰው ያለ መሰናክል እስከ በሩ እንዲደርስ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ያስፈልገዋል፤ አረጋዊት ከሆኑማ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ የሚጠርገውን ቅስት መለካት አይርሱ። ከመግዛትዎ በፊት የተዘረጋውን አልጋ ልክ በወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር አስምረው ጥቂት ቀናት ቢኖሩበት ማንኛውም ሻጭ የማይነግርዎትን ይረዳሉ።

ወደ ምቾቱ ስመጣ፣ ተስቦ በሚዘረጋው ሶፋ አልጋ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሁለት ነው። ፍራሹ ተጣጥፎ በመቀመጫው ሥር መግባት ስላለበት ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከሥሩ ደግሞ የማጠፊያው ብረት ያልፋል፤ ብረቱም የሚያርፈው በአመዛኙ በወገብ ወይም በትከሻ ትይዩ ነው። በጀርባው የሚተኛ ቀጭን ሰው ላይሰማው ይችላል። በጎኑ የሚተኛ ሰው ግን ክብደቱ በትከሻውና በዳሌው ላይ ስለሚያርፍ፣ እነዚህ ሁለት ቦታዎች በስፖንጁ ውስጥ ሰምጠው ብረቱን ያገኙታል። ጀርባው ወደ ኋላ ወድቆ ከመቀመጫው ጋር ዝርግ የሚሆነው ዓይነት ብረት የለበትም፤ ነገር ግን መቀመጫውና ጀርባው የሚገናኙበት ቦይ በአልጋው መካከል በቁመት ያልፋል፤ ስፖንጁም ለመቀመጥ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ለተኛ ሰው ይጠነክራል። ባልና ሚስት በቦዩ ግራና ቀኝ ሊተኙ ይችላሉ፤ ብቻውን የሚተኛ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ወደዚያው ይንሸራተታል።

ከግድግዳ የሚወርደው አልጋ ከዚህ ሁሉ የተሻለ እንቅልፍ ይሰጣል፤ ምክንያቱም የሚሸከመው የማይታጠፍ እውነተኛ ፍራሽ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ይኖር የነበረው ዊልያም ሎውረንስ መርፊ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በስሙ የሚጠራውን ተነሺ አልጋ ካስፋፋ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት ብዙም አልተለወጠም፤ ፍሬሙ በአንድ ጫፉ ላይ ይሽከረከራል፤ ክብደቱንም ስፕሪንግ ወይም በጋዝ የሚሠራ ፒስተን ያግዛል። በእርስዎ ክፍል ውስጥ በራስጌው ቆሞ የሚነሣው ዓይነት ሲወርድ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚወጣ እንደ ሶፋ አልጋው ከጠረጴዛው ጋር ይጋጫል። በጎኑ የሚነሣው የአንድ ሰው አልጋ ግን ሲዘረጋ ከግድግዳው የሚወጣው አንድ ሜትር ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ታጥፎም በአብዛኛው ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይይዛል። ዋናው ጥያቄ ግድግዳው ነው። ሲወርድና ሲነሣ ወደ ፊት እንዳይገለበጥ የሚይዘው ግድግዳው ስለሆነ ጠንካራ የብሎኬት፣ የጡብ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ይፈልጋል፤ ግድግዳው በጂፕሰም ቦርድ የተከፈለ ከሆነ ቡሎኑ ከውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ወይም ብረት ማግኘት አለበት። የኪራይ ቤት ከሆነም አከራዩን ሳያስፈቅዱ መቦርቦር አይገባም። ፒስተኑ የሚመረጠው በፍራሹ ክብደት ልክ ስለሆነ፣ በኋላ ፍራሹን በከባድ ቢለውጡት አልጋው በኃይል ይወርዳል፤ በቀላል ቢለውጡት ደግሞ ወርዶ አልረጋ ይላል። ሲወርድ ጣት የሚያስይዙ ሕፃናት ያሉበት ቤት መቆለፊያውን አስቀድሞ ማየት ይኖርበታል።

የአየር ፍራሽ ለአንድ ሁለት ሌሊት ይበቃል፤ ለሁለት ሳምንት ግን አልመክርም። በውስጡ ያለው አየር ከወለሉ ጋር ሙቀት ስለሚለዋወጥ ከላይ ምንም ያህል ብርድ ልብስ ቢደረብ ከሥር ይበርዳል፤ ስለዚህ በፍራሹና በአንሶላው መካከል አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ማንጠፍ ያስፈልጋል። ሌሊት ክፍሉ ሲቀዘቅዝ አየሩ ስለሚኮማተር፣ አዲስ ሲሆንም ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ፣ ምንም ቀዳዳ ሳይኖረው ንጋት ላይ ረገብ ብሎ ይገኛል። ሕፃን ልጅ ግን ለአንድ ሌሊትም ቢሆን ሊተኛበት አይገባም፤ ለስላሳውና የሚሰምጠው ገጽ አፍና አፍንጫን ሊሸፍን ይችላል።

የእርስዎን እንግዶች ሳስብ የእኔ ምርጫ በጥያቄዎ ውስጥ ያልተጠቀሰ አራተኛ ነገር ነው፤ ይኸውም ቀን ቀን በትራሶች እንደ መቀመጫ የሚያገለግል፣ በረጅሙ ግድግዳ ላይ የተጠጋ የ90 ሳንቲ ሜትር አልጋ፣ ከሥሩም የሚሳብ ሁለተኛ አልጋ ያለው። ብዙ ሌሊት የሚያሳልፉት እናትዎ ናቸው፤ እሳቸውም ብቻቸውን ናቸው። ለዓመቱ ጥቂት ሌሊቶች ብቻ ለሚመጡት ጥንዶች ሲባል ክፍሉን ዓመቱን ሙሉ በሰፊ አልጋ ማጣበብ ተገቢ አይመስለኝም። ወንድምዎ ሲመጡ የሥሩ አልጋ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ወንበሩ ከክፍሉ መውጣት አለበት፤ መተላለፊያውም ይጠባል፤ ግን ለሁለት ሌሊት ነው። የሥሩ አልጋ ዝቅ ብሎ የሚቀረውን ሳይሆን እግሩ ተዘርግቶ ከላይኛው እኩል ከፍ የሚለውን ዓይነት ቢመርጡ ሁለቱ ጎን ለጎን አንድ ሰፊ አልጋ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ሁለቱን በሚሸፍን ስስ ስፖንጅ ማልበስ ይቻላል። የሥሩ ፍራሽ ውፍረት በላይኛው ፍሬም ከፍታ የተወሰነ ስለሆነ፣ ፍራሹን ለብቻ ከመግዛትዎ በፊት ክፍተቱን ይለኩ።

የዚህ አልጋ አንድ ጉድለት መቀመጫ ሲሆን መጥለቁ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ለማስደገፍ ሲል እግሩ ከወለሉ ይነሣል። ከግድግዳው ጋር 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጠንካራ ትራሶች ሲደረደሩ መቀመጫው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ያኔ ይመቻል። ትራሶቹ ሌሊት የት እንደሚቀመጡ ግን ቀድመው ያስቡ፤ እኔ ጠረጴዛው ሥር ነው የማስገባቸው።

ለእናትዎ ከምንም በላይ ወሳኙ ከፍታው ነው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከዝቅተኛ አልጋ ሲነሣ ሙሉ ክብደቱን በታጠፈ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። ጫማቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከወለሉ እስከ ጉልበታቸው ማጠፊያ ያለውን ይለኩ፤ አልጋው ከነፍራሹ፣ እሳቸው ሲቀመጡበት ረገብ ብሎ፣ ከዚያ ልክ ማነስ የለበትም። ለብዙ ሰው የሚመቸው የአልጋ ከፍታ ከነፍራሹ ከ45 እስከ 55 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይወድቃል። የፍራሹ ጠርዝም እንዲሁ ጠንካራ ይሁን፤ ጠርዙ የሚደረመስ ፍራሽ ላይ የሚቀመጥ አረጋዊ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ወለል ላይ የሚነጠፍ ታጣፊ ስፖንጅ ለወጣት እንግዳ መልካም ነው፤ ለእሳቸው ግን አይሆንም።

ፍራሹን በተመለከተ ሻጭን መጠየቅ ያለብዎት «ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ» ብለው ብቻ አይደለም። የስፖንጅ ዕድሜ የሚታወቀው በጥግግቱ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ በሚመዝነው ኪሎ ግራም ነው። ጥንካሬ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጥግግቱ አነስተኛ የሆነ ስፖንጅ ሲገዛ ጠንካራ መስሎ ጥቂት ቆይቶ በወገብ ትይዩ ጎድጓድ ያበጃል። ለሳምንታት ለሚተኛበት የእንግዳ አልጋ 30 ኪሎ ግራም ገደማና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ውፍረቱም ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር የደረሰውን እመርጣለሁ። የሰውነትን ቅርጽ የሚይዘው ሜሞሪ ፎም በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይጠነክራል፤ ስለዚህ አዘውትሮ ሰው በማይኖርበት ክፍል እንግዳው የሚተኛው መጀመሪያ ላይ እንደ ሰሌዳ በደረቀ ነገር ላይ ነው። ከፍራሹ ሥር ያለው ርብራብ ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲራራቅ ስፖንጁ በየክፍተቱ እየሰረገ ያልቃል። ደፍኖ በጣውላ መሸፈን ደግሞ የላብን እርጥበት መውጫ ያሳጣዋል፤ ሻጋታ የሚጀምረውም እዚያ ነው። በየጊዜው ፍራሹን በጎኑ አቁሞ ማናፈስ ይበቃል።

ርዝመቱንም አይናቁት። የሚተኛበት ሰው ቁመት ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ፤ ራስጌና ግርጌው በጣውላ የተዘጋ አልጋ ላይ ረጅም ሰው እግሩን የሚያወጣበት የለውም። ወንድምዎ ረጅም ከሆኑ ግርጌው ክፍት የሆነውን ይምረጡ።

ሱቅ ሄደው ሲሞክሩ በእጅ ተጭነው አይመለሱ፤ በተለመደው አተኛኘትዎ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይተኙበት፤ ከተቻለ እናትዎን ይዘው ሄደው ተቀምጠው ሲነሡ ይመልከቱ። ተነሺ ወይም ተሳቢ ከሆነም ያለ ሻጩ እገዛ ብቻዎን ከፍተው ዝጉት። ለመዘርጋት ሁለት ሰው የሚፈልግ አልጋ ውሎ አድሮ እንደተዘረጋ ይቀራል፤ ክፍሉም ሁለገብ መሆኑ ያበቃል። አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ትራስ የሚቀመጡበት ቦታ ከአልጋው ጋር አብሮ ይታሰብ፤ ሥሩን ሁለተኛው አልጋ ከያዘው መሳቢያ አይኖርም። ከራስጌው በእጅ የሚደረስ መብራት፣ መነጽርና ውኃ የሚያርፍበት ትንሽ ነገር፣ ሌሊት የሚበሩትን የኮምፒውተርና የፕሪንተር መብራቶች የሚሸፍን ጨርቅ፤ እነዚህ ወጪያቸው ኢምንት ነው።

ዘመድዎ የሚሰጥዎትን ሶፋ አልጋ በተመለከተ፣ ከመቀበልዎ በፊት ሄደው ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይለኩት፤ በበርዎና በደረጃዎ መታጠፊያ ማለፉንም ያረጋግጡ። ተከፍቶ ከ2 ሜትር በላይ የሚወጣ ከሆነ ጠረጴዛው ክፍሉን ካልለቀቀ በስተቀር አይመጥንም፤ በነጻ መሆኑም ይህን አይለውጠውም። የሚገጥም ሆኖ ብረቱ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ከፍራሹ ሥር አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ከላይ ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተደራቢ ስፖንጅ ቢያደርጉ ለወንድምዎ ሌሊቶች ይበቃል። ለእናትዎ ግን ከፍታው ከጉልበታቸው ልክ ያነሰ እንደሆነ እንዳይወስዱት እመክራለሁ።