መልስ፦ ዳኛ ሕግ እንዳይተረጉም ለምን ተከለከለ?

«በአብርሆት ዘመን (ሁሉን በምክንያት የመመርመር ሐሳብ በተስፋፋበት በ18ኛው ክፍለ ዘመን) አውሮፓ ዳኞች ሕግ እንዳይተረጉሙ የተፈለገው ለምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁት፣ የነገሩ ሥር በዳኞች ላይ የነበረው ጥርጣሬ ነው። በፈረንሳይ የከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የዳኝነት ወንበር በገንዘብ የሚገዛና ለልጅ የሚተላለፍ ስለነበር፣ ዳኛው በትርጉም ስም የራሱን ወገን ይጠቅማል የሚል ሥጋት ነበር። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ በ1748 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዳኛን የሕጉን ቃል የሚያሰማ አፍ ብቻ አድርጎ ገለጸው፤ ጣሊያናዊው የወንጀል ሕግ ፈላስፋ ቤካሪያም በ1764 የወንጀል ሕግን መተርጎም ለዳኛ ሊፈቀድ እንደማይገባ ጻፈ።

ሐሳቡ በተግባር ሲፈተን የሆነው ግን፣ በእኔ እምነት፣ ከሐሳቡ ይበልጥ አስተማሪ ነው። በ1794 የወጣው የፕሮሲያ (በኋላ የጀርመን አካል የሆነችው መንግሥት) ሕግ ለዳኛ ክፍተት ላለመተው ሲል ከ19,000 በላይ አንቀጾችን የያዘ ሲሆን፣ ጤነኛ እናት ልጇን ራሷ የማጥባት ግዴታ እንዳለባት፣ ጡት የምታጠባበትን የጊዜ ርዝመት የሚወስነውም አባት እንደሆነ ሳይቀር ይደነግግ ነበር! ዳኛው የሕጉ ትርጉም ካጠራጠረው፣ የተከራካሪዎቹን ስም ሳይጠቅስ ለሕግ ኮሚሽኑ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን መጠበቅ ነበረበት፤ ይህ ግዴታ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቀረ። ፈረንሳይም በ1790 ዳኞች ሕግ መተርጎም ሲያስፈልግ ወደ ሕግ አውጪው እንዲመልሱ አዝዛ ነበር፤ የ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 4 ግን ሕጉ ዝም ብሏል ወይም ግልጽ አይደለም በሚል ሰበብ አልፈርድም የሚል ዳኛ ፍትሕን በመንፈግ ሊከሰስ እንደሚችል ደነገገ።