የውስጥ በሮቻችሁን እጀታ ከመለወጣችሁ በፊት

በባዕድ አገር ቤት ገዝተው ማደስ የጀመሩ ወገኖቼ ስለ ወለል፣ ስለ ቀለምና ስለ ኩሽና ደጋግመው ያማክሩኛል፤ ስለ በር እጀታ ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም በቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል በቀን ብዙ ጊዜ በእጃችን የምንነካው እሱን ነውና አመራረጡ ጥንቃቄ ይገባዋል። መጀመሪያ በሩን ለኩ፣ ቀጥሎ የሚከፍተውን እጅ አስቡ፣ ቀለሙን መጨረሻ ላይ ምረጡ። አብዛኞቻችን የምናደርገው የዚህን ተገላቢጦሽ ነው።

እኔም በመጀመሪያው እድሳቴ ቀለሙን ብቻ ወድጄ ለአሥራ አንድ በሮች ደብዛዛ ጥቁር እጀታ አዘዝኩ። የመጀመሪያውን እንደገጠምኩ የአዲሱ እጀታ ክብ ሽፋን ከአሮጌው ማነሱን አየሁ። የበሩ ቀዳዳ ጠርዝ በአንድ ወገን እንደ ጥፍር ቅርጽ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በዙሪያውም አሮጌው ሽፋን ለዓመታት ከቀለም የከለለው የገረጣ ቀለበት ቀርቷል። ያንን ሁሉ በስቱኮ መሙላት፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስና በሮቹን እንደገና መቀባት ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት የአሮጌውን ሽፋን ስፋት ለኩ፤ አዲሱ ከእሱ እኩል ወይም ሰፋ ያለ ይሁን።

ሁለተኛው ልኬት ከበሩ ጠርዝ እስከ እጀታው ቀዳዳ መሐል ያለው ርቀት ነው። በሰሜን አሜሪካ ይህ ርቀት በአብዛኛው 60 ወይም 70 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቀዳዳው ስፋት 54 ሚሊ ሜትር፣ የውስጥ በር ውፍረት ደግሞ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ምላሶች፣ ማለትም በሩ ሲዘጋ መቃኑ ውስጥ ገብተው የሚይዙት ብረቶች፣ ለሁለቱም ርቀቶች መስተካከል ይችላሉ፤ ይህን ግን በማሸጊያው ላይ አንብባችሁ አረጋግጡ። በብሪታንያ 44 እና 57 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። በጀርመን በበሩ ውፍረት ውስጥ የሚቀበር ቁልፍ ስለሚሠራበት፣ 55 ሚሊ ሜትር ከሚሆነው ከዚህ ርቀት በተጨማሪ ከእጀታው ዘንግ መሐል እስከ ቁልፍ ቀዳዳው መሐል ያለውንም መለካት ያስፈልጋል፤ እሱም በውስጥ በሮች ላይ ብዙ ጊዜ 72 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ስትዛወሩ የለመዳችሁትን እጀታ ይዛችሁ መሄድ የማያዋጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የአንድን በር ልክ ወስዳችሁም ሌሎቹ ያው ናቸው አትበሉ። በተለይ በአሮጌ ቤት ውስጥ በሮቹ በተለያየ ጊዜ የተገጠሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እያንዳንዱን ለክታችሁ በወረቀት ላይ መዝግቡ።

ሁሉም በር አንድ ዓይነት እጀታ አይፈልግም። ለኮሪደርና ለልብስ ማስቀመጫ ክፍል የማይቆለፍ ይበቃል፤ ለመኝታ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ከውስጥ የሚቆለፍ ያስፈልጋል። የሚቆለፈውን ስትገዙ ከውጭ በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ፈልጉ። የሦስት ዓመት ልጄ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሷን ቆልፋ ስታለቅስ፣ በዚያች ቀዳዳ ቀጭን የብረት ዘንግ አስገብቼ በመግፋት ነው የከፈትኩላት። ከእጀታው ጋር የመጣውን መክፈቻ ከበሩ መቃን በላይ ማኖር የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

ቅርጹን በተመለከተ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። አረጋውያን ወላጆች አብረዋችሁ የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰቡ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ካለ፣ ተይዞ የሚጠመዘዘውን ክብ እጀታ ትታችሁ ወደ ታች የሚጫነውን ረጅሙን ውሰዱ፤ እሱ ጣት መጨበጥ ባይችል እንኳ በክርን ይከፈታል። ጫፉ ወደ በሩ የታጠፈው የልብስ እጅጌና የቦርሳ ማንገቻ ስለማይዝ ይሻላል። አንዳንዱ ረጅም እጀታ ግን የግራና የቀኝ ተብሎ ተለይቶ ስለሚሸጥ፣ በሩ በየትኛው ወገን እንደሚከፈት ሳታውቁ አትዘዙ።

ጥራቱን ለመመዘን እጀታውን በእጃችሁ ይዛችሁ ጫን አድርጉትና ልቀቁት። ደህና ሞላ ያለው በፍጥነት ተመልሶ ቀጥ ይላል፤ ደካማው ገና ከሱቅ ሳይወጣ ዘንበል ይላል። ከድፍን ናስ የተሠራው ከበድ ይላል፣ ዕድሜውም ረጅም ነው። መከላከያ ቅብ የሌለው ናስ ግን በእጅ ንክኪ እየጠቆረ ስለሚሄድ፣ ያንን ለውጥ የማትወዱ ከሆነ አትግዙት።

ወደ ቀለሙ ስትመጡ ማጠፊያዎቹን አትርሱ፤ ጥቁር እጀታ ከቢጫ ማጠፊያ ጋር ሲታይ እድሳቱ በጅምር የቀረ ይመስላል። ማጠፊያዎቹንም ከለወጣችሁ ቁመታቸውንና የማዕዘናቸውን ቅርጽ አስተውሉ፤ ማዕዘኑ ክብ የሆነውን ባለ ቀጥታ ማዕዘን በሆነው ለመተካት እንጨቱን በመሮ ማረም ያስፈልጋል። ደብዛዛ ኒኬል ተብለው የሚሸጡ የሁለት አምራቾች ዕቃዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ግራጫ ሊያደላ ይችላል፤ ስለዚህ ሁሉንም ከአንድ አምራች መግዛቱ ይመረጣል።

አንድ ብቻ ገዝታችሁ ብዙ በምትጠቀሙበት በር ላይ ገጥማችሁ ለሁለት ሳምንት ተገልገሉበት፤ ሌሎቹን ከዚያ በኋላ እዘዙ። ስትገጥሙ ብሎኖቹን በድሪል ሳይሆን በካቻቢቴ አጥብቁ፤ የምላሱ ተዳፋት ጎን በሩ ወደሚዘጋበት አቅጣጫ ይዙር። የምትኖሩት በኪራይ ቤት ከሆነ አስቀድማችሁ አከራዩን አስፈቅዱ፤ አሮጌዎቹንም እጀታዎች ከነብሎናቸው በየከረጢቱ ከታችሁ የየትኛው በር እንደሆኑ ጻፉባቸው።