ብሽሽቱን ለሚያመው ወንድሜ፦ «ኩላሊት ነው» ሲሉህ ቶሎ አትመን

ወንድሜ፣ ቅዳሜ ኳስ ስትመታ ብሽሽትህ ላይ «ቀጭ» እንዳለብህ፣ ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስትወጣ እንደሚወጋህ፣ ቤተሰብም «ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይሽህ» እንዳለህ ጽፈሃል። በእኔ የደረሰው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ።

1. ቦታውን በጣትህ ለይ። ጭንህ ከሆድህ ጋር በሚታጠፍበት መስመር ላይ፣ ከፊት ለፊት ነው? ጉልበትህን ወደ ላይ ስታነሳ ይብሳል? ባጃጅ ውስጥ ስትገባ እግርህን በእጅህ ታግዘዋለህ? እንዲህ ከሆነ ዳሌን የሚያጥፈው ጡንቻ ከልክ በላይ ተወጥሮ ትንሽ ተቀድዶ ሊሆን ይችላል፤ የጡንቻ መሳሳብ የሚሉት ነው። ዝም ብለህ ስትተኛ ይተውሃል፣ ስትንቀሳቀስ ይመለሳል። ሳታነክስ የምትሄድ ከሆነ ቀላሉ ነው። ካነከስክ፣ ካበጠ ወይም ቆዳው ከጠቆረ ከፍ ያለ ነው። ጉልበትህን ጨርሶ ማንሳት ካቃተህ ወይም እግርህ አልረግጥ ካለ ግን ይህን ማንበብህን ተውና ዛሬውኑ ታከም።

2. ከሌላ በሽታ ጋር እንዳያምታቱብህ። እኔን ያቃጠለኝ ይኼ ነው። አቀበቱን ይዤ እስከ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ የምሮጥ ሰው ነኝ፤ ሰውነቴን አውቀዋለሁ። ረጅም ኳስ ስመታ ተጎዳሁና በማግስቱ እዚሁ ጅማ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ «ምንህን ነው?» አለችኝ። «ብሽሽቴን» ስላት ፊቷን አዙራ «የአባላዘር ከሆነ እዚያኛው ክፍል ነው» አለች። እናቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ ከወንበሩ አልተነሳም። «ወደ ሽንጥህ ይሰማሃል?» አለኝ። ትንሽ ይሰማኛል አልኩት። «ኩላሊት ነው» ብሎ ሽንት አዘዘ፣ አልትራሳውንድ አዘዘ። ለልጄ ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩትን ብር ከፈልኩ። ውጤቱ ንጹሕ ሆነ፤ እሱ ግን መድኃኒት ጽፎ «ውሃ ጠጣ» ብሎ ሸኘኝ። «እስቲ እግርህን አንሳ» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም!

ወደ ሽንጥ የሚሰማው ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። ዳሌን ከሚያጥፉት ጡንቻዎች ዋነኛው የሚነሳው ከወገብ አከርካሪ ጎን ነው፤ በሆድ ውስጥ፣ ከኩላሊት አጠገብ አልፎ ጭን አጥንት ላይ ይያያዛል። የኩላሊት ጠጠር ሕመም ግን በማዕበል ይመጣል፣ ተኝተህም አያስቀምጥህም፣ ሽንትህ ደም ሊቀላቅል ይችላል፤ ጉልበት ማንሳትና አለማንሳት አይለየውም። ስታስል ወይም ዕቃ ስታነሳ ብሽሽትህ ላይ ወጣ የሚል፣ ስትተኛ የሚገባ እብጠት ካለ ቡአ ነው ብለህ ጠርጥር። ከመቀመጫህ ተነስቶ በኋላ በኩል እስከ ባትህ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የወገብ ነርቭ ሊሆን ይችላል።

እኔ እዚያ አላበቃሁም። ጠይቄ አስጠይቄ ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳትን በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ አገኘሁ። አልጋው ጫፍ ላይ በጀርባዬ አስተኛኝ፣ ደህናውን ጉልበቴን ወደ ደረቴ አሳቀፈኝና የታመመውን እግሬን ወደ ታች ለቀቀው። ፊት ለፊቱ ተወጥሮ ጮኽኩ። ከዚያ ጉልበቴን አንስቼ እሱ ወደ ታች ሲገፋኝ እንድቋቋመው ነገረኝ፤ ሕመሙ ያ ራሱ ነው፣ ቦታውም ያ ራሱ። «የጡንቻ መሳሳብ ነው» አለኝ። ለዚህ ማሽን አላስፈለገውም፣ እጁ በቃው።

3. አትታሽ። ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት። የተቀደደ ጡንቻ ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ማሸትና ማሞቅ ያብሰዋል። አክስቴ ቅቤ አሙቃ ወጌሻ ልትጠራ ተነስታ ነበር፤ አክብሬ እምቢ አልኳት፣ በዚህም እኮራለሁ። በሃይላንድ ውሃ አቀዝቅዝ፣ በፎጣ ጠቅልል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዝበት፣ በቀን ደጋግመው። የሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ መርፌ ተወግቶ ሜዳ መግባት የሚባለውን ነገር አትስማ፤ ሕመሙ ቢደበቅም ቁስሉ አለ። ጨጓራ ካለብህማ መድኃኒቱን ሳትጠይቅ አትንካ።

ቀላሉ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል፣ ከፍ ያለው ከወር በላይ። መጀመሪያ ሜዳማ ላይ መራመድ፣ ቀጥሎ ቀስ ያለ ሩጫ፣ አቀበትና ረጅም ኳስ መጨረሻ። እኔ ጅሬንን መልሼ የሮጥኩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ ዛሬም እሮጣለሁ።

ዕድሜህን አልጻፍክም። ከ14 እስከ 17 ከሆንክ ራጅ ሳትነሳ አትቅር፤ በዚያ ዕድሜ ጡንቻው የዳሌውን አጥንት ጫፍ ይዞ ሊላቀቅ ይችላል።

ስትሄድ ሰፊ ቁምጣ ከውስጥ ልበስ። በጂንስ ከሄድክ እግርህን ሳያዩ ሊሸኙህ ሰበብ ያገኛሉ። ካርድ ክፍል ሲጠይቁህም «ኳስ ስመታ ዳሌዬን ተጎዳሁ» በል።